የሕንፃን የፒክ ሰዓት ጭነት ማንሸራተት፦ ከቆጣሪው ልኬት እስከ ፖሊሲው አንቀጽ

ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «አምፖሎቹን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ቀይረናል፣ የዓመቱ ፍጆታም ወርዷል፤ ታዲያ የፒክ ሰዓቱ ዲማንድ ለምን አልነቃነቅ አለ?» ፒክ ሰዓት ኃይል በብዛት የሚፈለግበት ሰዓት ነው፤ ዲማንድ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚሳበው የኃይል መጠን። ፍጆታ የሚቆጠረው በኪሎዋት ሰዓት ነው። የኃይል መረቡን (ግሪዱን) የሚያስጨንቀው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚስበው ኪሎዋት ነው። አንድ ሕንፃ ዓመቱን ሙሉ ቆጣቢ ሆኖ ሳለ ምሽት ላይ ቦይለሩን፣ ፓምፑንና የልብስ ማድረቂያውን አንድ ላይ ሊያስነሳ ይችላል። ብዙዎቹ የሕንፃ ኃይል አፈጻጸም ፖሊሲዎች የሚያዩት የዓመቱን ፍጆታ ለወለል ስፋት አካፍለው ስለሆነ ይህ ከዓይናቸው ያመልጣል።

ጭነት ማንሸራተት ማለት ሥራው ሳይቀር ኃይል የሚስብበትን ሰዓት ከፒኩ ማዛወር ነው። መመሪያው ለሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊ እና የተቋሙን የኃይል ፖሊሲ ለሚያረቅ ሰው ነው። ሰባቱ እርምጃዎች ሕንፃው ላይ ይሠራሉ፤ ስምንተኛው የተገኘውን ቁጥር ወደ ፖሊሲ ያስገባል። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። ቁጥር ሳይያዝ የተረቀቀ ፖሊሲ «ስማርት» የሚለውን ቃል ከመደጋገም አያልፍም።

ስለ ሰዓት፦ ሎገሩም (የኃይል መዝጋቢው) መቆጣጠሪያውም የሚያውቁት የ24 ሰዓት አቆጣጠርን ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ለእነሱ 18፡00 ነው። «12፡00» ብለው ከሞሉ ቦይለሩ ምሽት ላይ መጥፋቱ ቀርቶ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በመሣሪያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ የሦስት ፌዝ የኃይል ሎገር ወይም ንዑስ ቆጣሪ። ትክክለኛነቱ ክላስ 1 ወይም የተሻለ ይሁን።
- 3 ተከፋች ሲቲ (የከረንት ትራንስፎርመር፣ በገመድ ዙሪያ ታስሮ ከረንት የሚለካ)። ልካቸው በዋናው መስመር ከረንት ይወሰናል፦ በ400 ቮልት እና በ0.9 ፓወር ፋክተር 96 ኪሎዋት የሚስብ ሕንፃ በእያንዳንዱ ፌዝ 154 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ ባለ 200 አምፔር ሲቲ ይበቃዋል። ውጤታቸው 333 ሚሊቮልት የሆኑትን ቢመርጡ ይሻላል፤ ምክንያቱ በእርምጃ 1 አለ።
- ክላምፕ ሜትር እና የቮልቴጅ መፈተሻ።
- ኮንታክተሮች (ትልቅ ጭነት በምልክት የሚያበሩና የሚያጠፉ)፦ ለቦይለር ኤሲ-1፣ ለሞተር ኤሲ-3 የሚል ምድብ ያላቸው። ባለ 9 ኪሎዋት የሦስት ፌዝ ቦይለር 13 አምፔር ይስባል፤ 25 አምፔር ኤሲ-1 ኮንታክተር ይስማማዋል።
- የራሱ ሰዓትና ባትሪ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ቢያንስ 8 የሪሌ (በምልክት የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) መውጫዎች ያሉት።
- የሙቀት ሴንሰሮች፦ ለእያንዳንዱ የሞቀ ውሃ ታንከር 1፣ ከሚቀዘቅዙት ክፍሎች መካከል ቢያንስ ለ3ቱ።
- ለእያንዳንዱ ጭነት ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያ፦ በእጅ፣ ዝግ፣ ራስ-ሰር።
- ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀላቅል ቴርሞስታቲክ ቫልቭ፣ ከቦይለሩ መውጫ ላይ የሚገጠም።
- የብሬከር መቆለፊያ እና «አትንካ፣ ሰው እየሠራ ነው» የሚል ሰሌዳ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ አደጋ ያለባቸው ቦታዎች

የፓነል ሥራ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። ብሬከሩ ይዘጋል፣ ይቆለፋል፣ ከዚያም ኃይል አለመኖሩ በመፈተሻ ይረጋገጣል። ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ይሁን።

የእሳት ፓምፕ፣ የጭስ ማስወገጃ፣ የአደጋ ጊዜ መብራት፣ አሳንሰር፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የመድኃኒትና የክትባት ማቀዝቀዣ በዚህ ሥራ ውስጥ የሉበትም። አንዳቸውም ከአዲሱ መቆጣጠሪያ ጋር አይገናኙ።

የቦይለሩን የመጨረሻ የሙቀት መቁረጫና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በምንም ምክንያት ከሥራ ውጭ አያድርጓቸው። አዲሱ ኮንታክተር ከነባሩ ቴርሞስታት ጋር በተከታታይ ይገጠማል፤ ቴርሞስታቱን አይተካም።

እርምጃ 1፦ ጭነቱን ለ14 ቀን ይለኩ

ሎገሩን በዋናው መግቢያ ላይ ይግጠሙ። በእያንዳንዱ ሲቲ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭነቱ ይጠቁም፣ የአንዱ ፌዝ ቮልቴጅ ገመድም ከዚያው ፌዝ ሲቲ ጋር ይጣመር። ሁለቱ ከተምታቱ ሎገሩ አይጮህም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይመዘግባል። ምልክቱ የአንዱ ፌዝ ኃይል ኔጌቲቭ ሆኖ መታየት ወይም ለማመን የሚያስቸግር ዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ነው።

አደጋ፦ ባለ 5 አምፔር ሲቲ በዋናው ገመድ ላይ ከረንት እያለፈ የራሱ ሁለት ሽቦዎች ክፍት ከቀሩ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይፈጥራል። መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኙ (ሾርት ያድርጉ)፣ ከዚያ ይንቀሉት። ባለ 333 ሚሊቮልቱ ይህን ችግር በውስጡ ባለው ሬዚስተር ይከላከላል።

ከአንድ ቀን በኋላ የሎገሩን ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ3 በመቶ ከበለጠ የሲቲው ሬሾ በትክክል አልተሞላም ማለት ይቻላል። አሁኑኑ ያርሙት፤ በ14ኛው ቀን ሲታወቅ ሁለት ሳምንት ከንቱ ቀርቷል።

የ15 ደቂቃ ልኬት የሚመረጠው ዲማንድ በአብዛኛው የ15 ወይም የ30 ደቂቃ አማካይ ስለሆነ ነው። አንድ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከረንት 6 እስከ 8 እጥፍ ይስባል፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ በአማካዩ ውስጥ ይዋጣል። 30 ኪሎዋት የሚስብ ማሽን በ15 ደቂቃ ውስጥ 4 ደቂቃ ብቻ ቢሠራ በዲማንዱ ላይ የሚጨምረው 8 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ ማሳደድ ያለብዎት ቁጭ ብሎ የሚበላውን ጭነት ነው፤ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ይተዉት።

በቀን 96፣ በ14 ቀን 1,344 መዝገብ ይኖርዎታል። ወደ ኤክሴል አስገብተው የእያንዳንዱን 15 ደቂቃ አማካይ በአንድ የቀን መስመር ላይ ይሳሉ፤ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ለየብቻ።

እርምጃ 2፦ የትኛው ፒክ እንደሆነ ይወስኑ

ሁለት ፒክ አለ፦ የሕንፃው እና የኃይል መረቡ። ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የቢሮ ፒክ እኩለ ቀን ላይ ሲሆን የመኖሪያና የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃ ፒክ ምሽት ላይ ነው። የኃይል አቅራቢው የፒክ ሰዓት በታሪፉ ላይ ካስቀመጠ የእሱን ይውሰዱ። ዲማንድ የሚሰላው በወሩ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት በተመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር ከሆነ ግን ሁለቱንም መጠበቅ አለብዎት፤ ከመረቡ ፒክ ሸሽተው በራስዎ ላይ አዲስ ፒክ ቢሠሩ ትርፉ ይጠፋል።

የጭነት ምጣኔንም ያስሉ፦ የ14 ቀኑን ኪሎዋት ሰዓት ለ336 ያካፍሉ፣ ውጤቱን ለከፍተኛው ኪሎዋት ያካፍሉ። 14,784 ኪሎዋት ሰዓት የበላና ፒኩ 96 ኪሎዋት የሆነ ሕንፃ አማካዩ 44፣ ምጣኔው 0.46 ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ሊንሸራተት የሚችል ነገር አለ ማለት ነው። ከ0.8 በላይ ከሆነ ሰዓት በማዛወር ብዙ አይገኝም፤ ጉልበትዎን ቆጣቢ መሣሪያ ላይ ያውሉት።

እርምጃ 3፦ ጭነቶቹን በሦስት ይክፈሉ

በየፓነሉ እየዞሩ ክላምፕ ሜትር ያስገቡና እያንዳንዱን መስመር በፒክ ሰዓት ይለኩ። ስም ሰሌዳ ላይ ያለውን ኪሎዋት አይገልብጡ፤ መሣሪያው ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ አይሠራም።

- የሚንሸራተቱ፦ ሥራቸው የግድ መሠራት አለበት፣ ሰዓቱ ግን ሊቀየር ይችላል። ቦይለር፣ የጣሪያ ታንከር መሙያ ፓምፕ፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ።
- የሚቀነሱ፦ ለጥቂት ሰዓት ዝቅ ቢሉ ሰው የማይጎዳባቸው። የአየር ማቀዝቀዣ፣ የኮሪደር መብራት። መብራት በዝግታ እስከ 20 በመቶ ቢደበዝዝ አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም፤ በቅጽበት ከደበዘዘ ግን ሁሉም ቀና ይላል።
- የማይነኩ፦ ወጥ ቤት፣ ሰርቨር፣ አሳንሰር እና ከላይ በአደጋው ክፍል የተዘረዘሩት።

እዚህ ላይ ጀነሬተርን እንደ ተጣጣፊ ጭነት የሚመዘግቡ አሉ። አይመዝግቡ። ጀነሬተር ጭነቱን ከቆጣሪው ይደብቀዋል እንጂ አያንሸራትተውም፤ ነዳጁና ጭሱም ባሉበት ናቸው።

እርምጃ 4፦ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ያስሉ

ለስሌት አንድ ሕንፃ እንውሰድ፦ 40 ክፍል ያለው እንግዳ ማረፊያ፣ 2,400 ካሬ ሜትር፣ የፒክ ሰዓቱ ከ18፡00 እስከ 21፡00። በልኬት የተገኘው አማካይ ጭነት፣ ቀጥሎም የታሰበው፣ በኪሎዋት፦

- ቦይለር (3 ባለ 9 ኪሎዋት፣ በድምሩ 1,500 ሊትር)፦ ከ22 ወደ 4
- ፓምፕ፦ ከ4 ወደ 0
- ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፦ ከ14 ወደ 0
- አየር ማቀዝቀዣ፦ ከ18 ወደ 11
- 2 የመኪና ቻርጀር፦ ከ11 ወደ 5
- መብራት፦ ከ6 ወደ 5
- ወጥ ቤት 15፣ አሳንሰርና ሌላው 6፦ ሳይነኩ

96 ወደ 46 ኪሎዋት ወረደ። በወረቀት ላይ ማለት ነው።

አሁን ትልቁን እንፈትሽ፤ ቦይለሩ ለ3 ሰዓት ቢዘጋ እንግዳው ቀዝቃዛ ውሃ ይገጥመዋል? አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ከታንከሩ ጠቃሚ የሚሆነው 80 በመቶው ነው እንበል፤ ሙቁ ከላይ ሲቀዳ ቀዝቃዛው ከታች እየገባ ይቀላቀላልና። ውሃው 65 ዲግሪ፣ የሚገባው 18 ዲግሪ ከሆነ፦ 1,200 × 47 × 1.163 = 65.6 ኪሎዋት ሰዓት። ሕንፃው በሦስቱ ሰዓት የሚፈልገው 22 × 3 = 66 ነው። ልክ ጠርዙ ላይ ነን። ለዚህ ነው 4 ኪሎዋት የተተወው፦ 12 ኪሎዋት ሰዓት መጠባበቂያ ይሰጣል። ታንከሩ 60 ዲግሪ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው 58.6 ብቻ ነበር። በ5 ዲግሪ ልዩነት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል ይሄዳል፤ ቴርሞስታቱ በዓይን ግምት መሞላት የሌለበትም ለዚህ ነው።

ታንከሩ ሙሉ በሙሉ ቢቀዘቅዝ ለማሞቅ 82 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ27 ኪሎዋት 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማሞቁ ከ14፡30 ሳያልፍ ይጀመር።

በ65 ዲግሪ የሚወጣ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል። ማቀላቀያ ቫልቩ ሳይገጠም ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ። ወደ ታችም ገደብ አለ፦ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ሊጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ይራባል፤ ታንከሩ በሙሉ በየቀኑ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ለመኪና ቻርጀር ሒሳቡ ቀላል ነው። በ230 ቮልት 32 አምፔር 7.4 ኪሎዋት፣ 10 አምፔር ደግሞ 2.3 ኪሎዋት ነው። ከ6 አምፔር በታች ግን ቻርጁ ይቋረጣል፤ አንዳንድ መኪና ከተቋረጠ በኋላ በራሱ አይቀጥልም። ዝቅተኛውን 8 ወይም 10 ላይ ይተዉት።

አየር ማቀዝቀዣው ከ16፡30 ጀምሮ ክፍሉን ወደ 22 ዲግሪ ያውርድ፣ በ18፡00 ልኩ 26 ይሁን። ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳና ወለል ያለው ሕንፃ ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፤ መስታወት የበዛበት ቶሎ ይለቃል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት መጋረጃ ከሌለው ከዚህ እርምጃ በፊት እሱን ያስተካክሉ።

ባትሪ ካሰቡ ኪሎዋቱንና ኪሎዋት ሰዓቱን ለየብቻ ይጠይቁ። 20 ኪሎዋትን ለ3 ሰዓት ለመሸፈን 60 ኪሎዋት ሰዓት ጥቅም ላይ የሚውል ያስፈልጋል፤ 80 በመቶውን ብቻ ለሚጠቀሙበትና ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለሕንፃው የሚቀይረው) 5 በመቶ ለሚበላበት ባትሪ የሚገዛው 79 ገደማ ነው። የቦይለሩ ታንከር ቀደም ሲል የተገዛ ባትሪ ነውና መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።

ለመጀመሪያው ፈተና ከስሌቱ 70 በመቶውን ብቻ ቃል ይግቡ። በምሳሌያችን 35 ኪሎዋት።

እርምጃ 5፦ መቆጣጠሪያውን ይግጠሙ

ለቦይለር፦ የመቆጣጠሪያው ሪሌ የኮንታክተሩን ኮይል ይዘጋል ይከፍታል። ለፓምፕና ለአየር ማቀዝቀዣ ግን ዋናውን ኃይል አይቁረጡ። በኢንቨርተር (ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ ሞተር በየቀኑ ከመግቢያው ቢቆረጥ ኢንቨርተሩ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ማስነሻ ትእዛዙን ወይም የቴርሞስታቱን ልክ ይቀይሩ። ኮምፕረሰር ከቆመ በኋላ ለ5 ደቂቃ እንዳይነሳ ይደረግ፤ ግፊቱ ሳይመጣጠን ከተነሳ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ይህን ያስተውሉ፦ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ወይም ምልክቱ ሲጠፋ ሕንፃው ወደ ተለመደው ሥራው ይመለስ። ለዚህ ሪሌው ኃይል በሌለው ጊዜ ተገናኝቶ የሚቆየው ኮንታክት (ኤንሲ) ጥቅም ላይ ይውላል፦ ሪሌው ሲነቃ ቦይለሩ ይቆማል፣ ሪሌው ሲሞት ቦይለሩ ይሠራል። በተቃራኒው ከተገጠመ አንድ የተበላሸ ፊውዝ 40 ክፍል ያለ ሙቅ ውሃ ያሳድራል፤ በማግሥቱ የጥገና ሠራተኛው ሁሉንም ነገር ነቅሎ ይጥለዋል፣ ተመልሶም አይገጠምም።

ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያውን የጥገና ሠራተኛው በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ያድርጉት። «በእጅ» ላይ ሲሆን መቆጣጠሪያው እንዲያውቅ አንድ የመረጃ ሽቦ ይመለስ። ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ «አልሠራም» የሚባለው ማዞሪያው ከሁለት ወር በፊት በእጅ ላይ ተደርጎ ስለተረሳ ነው።

መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ክፍት ይሁን፦ በሕንፃ ውስጥ ባክኔት ወይም ሞድባስ፣ ከኃይል አቅራቢው ጋር ኦፕን ኤዲአር፣ ለመኪና ቻርጀር ኦሲፒፒ። በአምራቹ ድረ ገጽ በኩል ብቻ የሚታዘዝ ቦይለር ኢንተርኔት በጠፋ ቀን አይታዘዝም።

እርምጃ 6፦ የአሠራር ቅደም ተከተሉን ይጻፉ፣ መመለሻውን ጨምሮ

አብዛኛው ሰው ማጥፊያውን ጽፎ መመለሻውን ይረሳል። በምሳሌው ሕንፃ በ21፡00 ሁሉም በሙሉ ኃይሉ አንድ ላይ ቢለቀቅ፦ ቦይለር 27፣ ማድረቂያ 24፣ ፓምፕ 5.5፣ አየር ማቀዝቀዣ 30፣ ቻርጀር 14.8፤ ከማይነኩትና ከመብራቱ 27 ጋር 128 ኪሎዋት ይሆናል። ከነበረው 96 በላይ። ለ3 ሰዓት የለፋበት ሕንፃ በ15 ደቂቃ የወሩን ሪከርድ ይሰብራል።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1. 14፡30፦ ቦይለሮቹ ወደ 65 ዲግሪ። ልብስ ማጠቢያው ከ16፡00 በኋላ አዲስ ዙር አይጀምርም።
2. 16፡30፦ ፓምፑ የጣሪያውን ታንከር ይሙላ፤ ቅድመ ማቀዝቀዝ ይጀመር።
3. 18፡00፦ ቦይለርና ፓምፕ ይቁሙ፣ አየር ማቀዝቀዣ ወደ 26፣ ቻርጀር ወደ 10 አምፔር፣ የኮሪደር መብራት በ5 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይደብዝዝ።
4. በመካከል፦ ከታንከሩ ላይኛው ሲሶ ያለው ሴንሰር ከ50 ዲግሪ በታች ካሳየ አንድ ቦይለር ብቻ ይነሳ። ማንኛውም ክፍል ከ26.5 ካለፈ የዚያ ክፍል ማቀዝቀዣ ነፃ ይሁን። የጣሪያው ታንከር ከሩብ በታች ከወረደ ፓምፑ ይነሳ።
5. 21፡00፦ ቦይለር 1። 21፡15፦ ፓምፕ። ከ21፡30 ጀምሮ የአየር ማቀዝቀዣው ልክ በየ15 ደቂቃው ግማሽ ዲግሪ ይውረድ።
6. 22፡00፦ ቦይለር 2። 23፡00፦ ቦይለር 3። 00፡00፦ ቻርጀር ወደ ሙሉ ኃይል። ልብስ ማጠቢያው ጠዋት 09፡00።

ይህን ወረቀት አሳትመው ፓነሉ በር ላይ ይለጥፉ። ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሠራተኞች ደግሞ ቀርበው ያስረዱ፤ የእነሱ የሥራ ፈረቃ ካልተስተካከለ 14ቱ ኪሎዋት አይንቀሳቀስም።

እርምጃ 7፦ ይፈትኑ፣ ከመነሻው ጋር ያነጻጽሩ

የመጀመሪያውን ፈተና ለ1 ሰዓት ብቻ ያድርጉ፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3። በቀኑ ውስጥ ሁለት ሰው ይመደብ፦ አንዱ ፓነሉ ጋ፣ አንዱ ክፍሎቹን እየዞረ ሙቀትና ውሃ የሚፈትሽ።

«ምን ያህል ቀነስን?» የሚለው የሚመለሰው «ባናደርግ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ከሚለው መነሻ (ቤዝላይን) አንጻር ነው። ከፈተናው በፊት ያሉ 10 ተመሳሳይ ቀኖች በዚያው ሰዓት ያላቸውን አማካይ ይውሰዱ፤ ቀደም ሲል የተፈተነባቸውን ቀኖች ያውጡ። መነሻው 96፣ በፈተናው ቀን የተለካው 59 ከሆነ ውጤቱ 37 ኪሎዋት ነው።

የፈተናው ቀን ከሌሎቹ የሞቀ ወይም እንግዳ የበዛበት ከሆነ መነሻውን በዚያው ቀን ልኬት ማስተካከል ይቻላል። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ ማስተካከያው ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓቶች ከተሰላ ቅድመ ማቀዝቀዙና ቦይለሩ ያኔ ጭነቱን ከፍ አድርገውታል። መነሻው ይነፋል፣ ያልተገኘ ቁጠባ የተገኘ ይመስላል። ማስተካከያውን ከ12፡00 እስከ 14፡00 ባለው ጊዜ ያሰሉት።

ሦስት ቁጥር ይመዝግቡ፦ በፒክ ሰዓት የተቀነሰው ኪሎዋት፣ ከ21፡00 በኋላ የታየው ከፍተኛ ኪሎዋት፣ የ24 ሰዓቱ ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት። ሦስተኛው ትንሽ ቢጨምር አይደንግጡ። የሞቀ ውሃ በቆየ ቁጥር ሙቀት ይለቃል፣ ቀድሞ የቀዘቀዘ ክፍልም እንዲሁ።

እርምጃ 8፦ ቁጥሩን ወደ ፖሊሲው ያስገቡ

የመጨረሻው ነጥብ የፖሊሲ ጉዳይ ነው። መለኪያው ኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ ጭነቱን ያንሸራተተው ሕንፃ በዓመቱ መጨረሻ የተቀጣ ይመስላል። ስለዚህ የሚከተሉት አንቀጾች ይግቡ፤ በተቋምዎ ልክ ያስተካክሏቸው፦

- ሕንፃው ከዓመታዊ ፍጆታው ጎን በፒክ ሰዓት የሚስበውን አማካይ ዋት በካሬ ሜትር ያሳውቃል። (በምሳሌው 96 ኪሎዋት ለ2,400 ካሬ ሜትር 40 ዋት፤ ከፈተናው በኋላ 24.6።)
- ሕንፃው በፈተና የተረጋገጠ የሚንሸራተት ጭነቱን በኪሎዋት እና ሊቆይ በሚችልበት ሰዓት ያሳውቃል። ጀነሬተር አይቆጠርም።
- በማንሸራተት ምክንያት የሚመጣ የፍጆታ ጭማሪ እስከ 2 በመቶ ድረስ እንደ ጥፋት አይያዝም።
- ከ3 ኪሎዋት በላይ የሆነ አዲስ ቦይለር፣ የመኪና ቻርጀርና ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ከውጭ ምልክት የሚቀበል፣ በክፍት ፕሮቶኮል የሚታዘዝ፣ ምልክት ሲጠፋ ወደ መደበኛ ሥራ የሚመለስ ይሆናል።
- ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሞቃት አንዱ በቀዝቃዛ ወቅት ይካሄዳል። የ15 ደቂቃው መዝገብ 3 ዓመት ይቀመጣል።
- የክፍሉ ተጠቃሚ ቅነሳውን በራሱ ክፍል የማቆም መብት አለው።

2 በመቶው እና 3 ኪሎዋቱ ለመነሻ የቀረቡ ናቸው፤ የራስዎን ፈተና ካዩ በኋላ ይለውጧቸው።

ረቂቁን ከነባር ማዕቀፍ ጋር ማስተያየት ከፈለጉ ሦስት መነሻ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የሕንፃዎች ኃይል አፈጻጸም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሻሻል የገባው የስማርት ዝግጁነት መለኪያ ሕንፃን በኃይል አጠቃቀም ብቃቱ፣ ለተጠቃሚው ፍላጎት በሚሰጠው ምላሽ እና ለኃይል መረቡ ባለው ተጣጣፊነት ይመዝናል። አይኤስኦ 52120 የሕንፃ መቆጣጠሪያዎችን ከ«ኤ» እስከ «ዲ» በአራት ደረጃ ይከፍላል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ደግሞ የሕንፃን ተሳትፎ በአምስት ይዘረዝራል፦ መቆጠብ፣ መቀነስ፣ ማንሸራተት፣ በሰከንዶች ውስጥ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ማመንጨት። አንድ ሕንፃ አምስቱንም እንዲያደርግ አይጠይቁ። ማንሸራተት በደንብ ከሠራ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- «ስማርት ዕቃ ይገዛ» ብሎ መጻፍ። ዕቃው ይገዛል፣ ማንም አያገናኘውም። የሚጠየቀው የተፈተነ ኪሎዋት ይሁን።
- ቅድመ ማሞቅና ቅድመ ማቀዝቀዝ በአንድ ደቂቃ ማስጀመር። ፒኩን ከ18፡00 ወደ 16፡30 ማዛወር ብቻ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቋቸው።
- የአየር ማናፈሻን መዝጋት። ማቀዝቀዣው ይቀንሳል እንጂ ንጹህ አየር አይቋረጥም። ሰው ሲያዛጋና ራስ ምታት ሲል ሥርዓቱ ይወቀሳል።
- ያልተሸፈነ ታንከርና ቧንቧ ላይ ማንሸራተት። ሙቀቱ እስከ ማታ አይቆይም። ታንከሩን በእጅዎ ሲነኩት ከሞቀዎት መጀመሪያ መሸፈኛ ይግዙ።
- የመቆጣጠሪያውን ሰዓት አለመከታተል። ባትሪው ሲደክም ሰዓቱ በየኃይል መቋረጡ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይንሸራተታል። በወር አንድ ጊዜ ከስልክዎ ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ ከ2 ደቂቃ ካለፈ ባትሪውን ይቀይሩ።